ሐዲዱ መሃል ያለችው ክፍተት፦ የሳተላይት አካል ጠፈርን እንዴት ይችላል?

ድሬዳዋ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ሲጋል የዋለው ጣሪያ ፀሐይ ገባ ስትል ጧ! ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቋ! እንግዳ ከሆናችሁ ድንጋይ የተወረወረ ይመስላችኋል። የቤቱ ሰው ግን ቀና ብሎም አያይ። ቆርቆሮው እየቀዘቀዘ ነው። ሲቀዘቅዝ መሰብሰብ ይፈልጋል፤ ሚስማሩ ደግሞ አልለቅም ይለዋል። ጥቂት ይታገላሉ። በመጨረሻ ቆርቆሮው በድንገት ሸርተት ሲል ነው ያ ድምፅ የሚሰማው።

በቀደም ማታ ደጅ ቁጭ ብለን ጣሪያው እንዲህ ሲንጫጫ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። «አቦ ጋሼ፣ ሳተላይት እኮ እዚያ ላይ ነፋስ የለበትም፣ ዝናብ የለበትም፣ ክብደት እንኳ የለውም። ታዲያ ምን ይነካዋል? በቀጭን ላሜራ ሠርተው ለምን አይልኩትም?»

ጥያቄው ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ግማሹ ልክ ነው። ሳተላይት የሚሠራው በእርግጥም ከቀጭን ነገር ነው። ጭንቁ ያለው ሌላው ግማሽ ላይ ነው።

መልሱን ከዚያው ከጣሪያው ጀመርኩላት። የእኛ ቆርቆሮ በቀን አንዴ ይሞቃል፣ አንዴ ይቀዘቅዛል። ከምድር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚዞር ሳተላይት ግን አንዱን ዙር በ97 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ከዚያ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ነው፣ ቀሪውን የምድር ጥላ ውስጥ። በእኛ አንድ ቀን 15 ጊዜ ያህል ይነጋበታል፣ 15 ጊዜ ያህል ይመሽበታል ማለት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ የወጣችው እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ነበር። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ የአንድ ትልቅ ሰው ያህል። እዚያ ከፍታ ላይ ያለ አካል በአንድ ዓመት ብቻ ከ5,000 ጊዜ በላይ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል።

በዚያ ላይ አየር የለም። ድሬ ቢሞቅም ማታ ነፈስ ያደርጋል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ላብን ማድረቅ ይቻላል። እዚያ ሙቀቱን ጠርጎ የሚወስድ ነገር የለም። በአንድ ካሬ ሜትር 1,361 ዋት ገደማ የሚሆን የፀሐይ ጉልበት ፊት ለፊት ያርፍበታል። ያልተሸፈነ ገጽ ፀሐይ ሲመታው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ጥላ ውስጥ ደግሞ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ አልፎ ይወርዳል። አንዳንዴ ሁለቱ በአንድ ሳተላይት ላይ፣ በአንድ ጊዜ ይሆናሉ። ፊቱ ይቃጠላል፣ ጀርባው ይበርዳል።

አሁን ወደ ሐዲዱ ልምጣ። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ስለደረሰ ነው። የአሮጌውን መስመር ሐዲድ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ አንዱ ብረት ከሌላው ጋር በሚገጥምበት ቦታ ላይ ጣት የማታስገባ ክፍተት ያገኛል። ባቡሩ ሲሄድ ያ የምናውቀው ምት የሚመጣው ከእሷ ነው። ልጅ ሳለሁ ሠራተኞቹ ለክተው ያነሳቸው ይመስለኝ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። 10 ሜትር የሆነ የብረት ሐዲድ በ40 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ያ ክፍተት ባይኖር ቀትር ላይ ሐዲዱ እንደ እባብ ይጠማዘዝ ነበር።

ሳተላይት ብዙ ጊዜ የሚሠራበት አሉሚኒየም ደግሞ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። አንድ ሜትር አሉሚኒየም በ150 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። 3 ሚሊ ሜትር ለበር መቃን ምንም አይደለም። ምድርን ከ600 ኪሎ ሜትር ላይ ለሚያነሳ ካሜራ ግን የፀጉርን ውፍረት ትንሽ ቁራጭ ያህል ፈቅ ማለት እንኳ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል።

እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ትንሽ ሳተላይት ብቻ አይደለም። ጠፈር ላይ ሆኖ ከዋክብትን የሚያየው ሃብል ቴሌስኮፕ በ1990 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከመስታወቱ ስህተት ሌላ አንድ ችግር ነበረበት። ከጥላ ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ በተሻገረ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ምክንያቱ የሶላር ፓኔሎቹ መወጠሪያ ዘንጎች ናቸው። አንዱ ጎናቸው ከሌላው ቀድሞ ሲሞቅ ይጎብጣሉ፣ ይታገላሉ፣ ከዚያ በድንገት ይለቃሉ። የእኛው ቆርቆሮ፣ ጧ! ያለው እሱ ነው። ድምፅ የሚያደርስ አየር ስለሌለ አይሰማም እንጂ ንዝረቱ ወደ ቴሌስኮፑ ይተላለፋል። ለሩቅ ኮከብ ተደግኖ ፍጹም ጸጥታ ለሚፈልግ ዓይን ይህ ከባድ ነው። በታኅሣሥ 1993 እ.ኤ.አ. ጠፈርተኞች ሄደው ፓኔሎቹን በሌላ ቀየሯቸው።

ታዲያ መሐንዲሶቹ ምን ያደርጋሉ? አንደኛው መንገድ የማይለጠጥ ነገር መምረጥ ነው። ካርበን ፋይበር ክሮቹ በልክ ከተደረደሩ በሙቀት ርዝመቱን ከሞላ ጎደል አይቀይርም። ኢንቫር የሚባል የብረትና የኒኬል ቅይጥም አለ፤ ከአሉሚኒየም ጋር ሲነጻጸር መለጠጡ በጣም ትንሽ ነው። ግን ከባድ ነው፣ በየቦታው አይደረግም። ደግሞ ካርበን ፋይበሩን ከአሉሚኒየም ጋር በማጣበቂያ ስታያይዙት አንዱ ይለጠጣል፣ ሌላው እምቢ ይላል። መሃል ላይ የሚሠቃየው ማጣበቂያው ነው።

ሌላውን መንገድ እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ እናቶቻችን ያውቁታል። ድስት ለምን በሦስት ጉልቻ ላይ ይጣዳል? አራት ቢሆን አንዱ ጉልቻ ትንሽ ዝቅ ሲል ድስቱ ይንገዳገዳል። ሦስት ከሆነ መሬቱ ቢዛባም ድስቱ ሁልጊዜ ይረጋል። የሳተላይት ካሜራም ብዙ ጊዜ በሦስት ቦታ ብቻ ነው የሚያያዘው። ማያያዣዎቹ ደግሞ እንደ ቢላ ስለት በአንድ አቅጣጫ ቀጠን ያሉ ናቸው። በዚያ አቅጣጫ ይተጣጠፋሉ፣ በሌላው ግን ድንጋይ ናቸው። የታችኛው ሰሌዳ ቢለጠጥ፣ ቢጣመም፣ እነዚህ ስሶች ተጣጥፈው ጭንቁን እዚያው ያስቀሩታል። ካሜራው ምንም ሳይሰማው ያድራል።

ከዚያ ልብሱ አለ። ሳተላይት ሲታይ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ይመስላል አይደል? ወርቅ አይደለም። አሉሚኒየም የተቀባ ስስ ብጫማ ፕላስቲክ ነው፤ በብዙ ንብርብር ይደረደራል። እኛ ጋቢን አራት እጥፍ አድርገን እንደምንሠራው፣ እነሱ 10ም 20ም እጥፍ ያደርጉታል። በንብርብሮቹ መሃል እንደ ሻሽ ስስ የሆነ መረብ ይገባል፤ አንዱ ገጽ ሌላውን እንዳይነካው። ከተነካኩ ሙቀቱ ያልፋል። እዚህም ሥራውን የሚሠራው በመሃል ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ልጅቷ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ስለ ሙቀት ከሆነ ጥንካሬው ለምንድን ነው?»

ጥንካሬው በአብዛኛው ለመንገዱ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ይህን ነው። የሳተላይት አጥንት ምን ያህል ይወፍር የሚለውን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ምህዋር ላይ የሚያሳልፋቸው ዓመታት ሳይሆኑ የሮኬቱ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ናቸው። ሮኬት ሲገፋ ጭነቱ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ለምሳሌ 70 ኪሎ የሆነ ሳተላይት በ6 እጥፍ ከተገፋ እግሩ ላይ የሚያርፈው 420 ኪሎ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ይንቀጠቀጣል። ጩኸቱም አለ። በጭነቱ ክፍል ውስጥ 140 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ ሊኖር ይችላል፤ የሰርግ ቤት ስፒከር አጠገቡ ሹክሹክታ ነው። ድምፁ ሰፊና ቀላል የሆነውን ነገር፣ ማለትም ሶላር ፓኔሉንና አንቴናውን፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ይመታዋል።

ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ሌላውን ነገር ቶሎ ይገባዋል። ባጃጁ ቆሞ ሞተሩ ሲያንኮራኩር መስታወቱ እንዳለ ይርገፈገፋል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጠው መስታወቱ ዝም ይላል፣ በምትኩ ሌላ ነገር ይንጫጫል። ሁሉም ነገር የራሱ ምት ስላለው ነው። ሞተሩ ያንን ምት ሲያገኘው ትንሽ ንዝረት ትልቅ ይሆናል። ሮኬቱም የራሱ ምት አለው። ስለዚህ የሮኬቱ ባለቤቶች የሳተላይቱ ምት ከዚህ ቁጥር በታች እንዳይሆን ብለው ገደብ ይሰጣሉ። ምቱን ከፍ ለማድረግ አካሉ ግትር መሆን አለበት። ግትርም፣ ቀላልም።

እዚህ ላይ ንብ ታግዛለች። የሳተላይት ግድግዳ አንድ ወፍራም ላሜራ አይደለም። ሁለት በጣም ስስ ላሜራዎች ናቸው፤ መሃላቸው የማር ሰፈፍ በመሰለ የአሉሚኒየም ቀፎ ተሞልቷል። አብዛኛው ውስጡ ባዶ ነው። ግን ሁለቱን ገጾች ስላራራቃቸው ለመጉበጥ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።

ቀፎው ግን አንድ አደጋ አለው። ከድሬ ብስኩት ገዝታችሁ ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ላይ ስትደርሱ ማሸጊያው እንዴት እንደሚነፋ አይታችኋል? ውስጡ የድሬ አየር ነው፣ ውጭው ግን ሳስቷል። ያ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ከፍታ ብቻ ነው። ሮኬት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አየር ከሌለበት ይደርሳል። በቀፎው ውስጥ አየር ታሽጎ ከቀረ ላሜራውን ከላዩ ላይ ገሽልጦ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዷን የቀፎ ክፍል ግድግዳ በትንሹ ይበሷታል። አየሩ ከአንዷ ወደ አንዷ እየተሻገረ ይወጣል።

«ለምን ዝም ብለው አያወፍሩትም?» ይህም ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋው ውድ ነው። አውሮፕላን ሲሠራ ይመጣል ከተባለው ትልቁ ጭነት 1.5 እጥፍ እንዲችል ይደረጋል። ሳተላይት ላይ ብዙ ጊዜ 1.25 ወይም 1.4 ነው። ትርፉ ጠባብ ነው። ጠባብ ስለሆነም በግምት አይታለፍም፤ መሬት ላይ ይፈተናል። ትልቅ የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ አስረው ያርገፈግፉታል። አየሩ የተመጠጠ ክፍል ውስጥ አስገብተው ያግሉታል፣ ያበርዱታል።

ከፈተናው ሁሉ አንዱ ሐረር ገበያ ላይ ያየሁትን ያስታውሰኛል። ሴትየዋ ጀበና ልትገዛ ነው። አንስታ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ በጣቷ አጥንት ኳ ኳ አደረገችና ጆሮዋን አስጠጋች። አስቀመጠችው። ሌላ አነሳች፣ መታችው፣ ይኸኛው ጠራ ብሎ ጮኸ። ገዛችው። የመጀመሪያው ላይ ስንጥቅ አልታየኝም፤ ድምፁ ግን ድፍን ነበር። መሐንዲሶቹም ከከባዱ ንዝረት በፊት ሳተላይቱን በቀስታ ነካ አድርገው ምቱን ይመዘግባሉ። ካርገፈገፉት በኋላ እንደገና በቀስታ ይነኩታል። ምቱ ከተቀየረ የሆነ ቦታ ብሎን ላልቷል፣ ወይም ማጣበቂያ ለቋል። ሳይፈቱት ያውቃሉ።

መንገድ ያልኩት የሮኬቱን ብቻ አይደለም። ወደ ጁፒተር የሄደው ጋሊልዮ የሚባል መንኮራኩር በ1989 እ.ኤ.አ. ተነሳ። እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ትልቅ አንቴና ነበረው፣ 18 ዘንግ ያለው። በ1991 ሲዘረጉት ጥቂቶቹ ዘንጎች ተጣብቀው ቀሩ። ጃንጥላው ጠሞ ቀረ። መርማሪዎቹ የደረሱበት ነገር ልብ ይነካል። መንኮራኩሩ ከመነሳቱ በፊት በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ መካከል በከባድ መኪና ተመላልሶ ነበር። በዚያ መንገድ ንዝረት ዘንጎቹን የያዙት ፒኖች ላይ ያለው ደረቅ ማለስለሻ ተፋቀ። የደንገጎን ጠመዝማዛ በጭነት መኪና ለሚያመላልስ ሰው ይህ አይገርመውም። ዕቃ መንገድ ላይ ያልቃል። ጋሊልዮ በትንሿ አንቴናው እየተንገታገተ እስከ 2003 ሠራ፤ የመሐንዲሶቹ ትዕግሥት ያስቀናል።

ለምን ግን ማለስለሻው ስለጠፋ ብቻ ብረት ከብረት ይጣበቃል? እዚህ ምድር ላይ አብዛኛው ብረት በስስ የዝገት ሽፋን ተሸፍኗል። ያ ሽፋን ሁለት ብረቶች በቀጥታ እንዳይነካኩ ያደርጋል። ጠፈር ላይ ሽፋኑ በመፋተግ ከተላጠ የሚተካው አየር የለም። ንጹሕ ብረት ንጹሕ ብረትን ሲነካ ያለ ምንም እሳት ይበየዳል። ጋራዥ ውስጥ የምናውቀው ግራሶም መላ አይሆንም፤ ተራው ግራሶ እዚያ ይተናል። ስለዚህ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የሚባል ደረቅ ማለስለሻ ይቀባሉ፣ ወይም የሚነካኩትን ብረቶች የተለያዩ ያደርጓቸዋል።

መትነን ራሱ አንድ ጣጣ ነው። አዲስ መኪና ፀሐይ ላይ ሲውል ይሸታል። መስታወቱ ከውስጥ በኩል ድብዝዝ ያለ ቅባት ይይዛል። ከፕላስቲኩ የተነነው ነው። ጠፈር ላይ ያ ቅባት ካሜራው ሌንስ ላይ ሄዶ ቢያርፍ ጠራጊ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕላስቲክና ማጣበቂያ አየር በሌለበት በ125 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። የተለመደው መመዘኛ ከክብደቱ ከ1 በመቶ በላይ ካጣ አይለፍ ይላል።

ከዚያ ደግሞ ኦክስጅን አለ። እኛን የሚያኖረን ኦክስጅን ዝቅ ባሉት ምህዋሮች ላይ በፀሐይ ጨረር ተሰንጥቆ ነጠላ ነጠላ ይሆናል። ሳተላይቱ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ይጋጨዋል። ፕላስቲክን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ብርን ያጠቁረዋል። ይህ በዓይን የታየው በ1984 እ.ኤ.አ. በተላከ አንድ አውቶቡስ የሚያህል የሙከራ ሳተላይት ላይ ነው። አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ይመለሳል ተብሎ ነበር። በመዘግየትና ቻሌንጀር በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር አደጋ ምክንያት እስከ ጥር 1990 እዚያው ቀረ። ሲመለስ አንዳንድ ስስ ሽፋኖች ጨርሰው ጠፍተዋል። ገላው ላይ ከ30,000 በላይ የግጭት ጠባሳ ተቆጠረ።

ጠባሳዎቹን ያደረሱት የአሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ ነገሮችና የቀለም ቅርፊት ናቸው። ግን በዚያ ከፍታ ሁለት ነገሮች ሲጋጩ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጥይት በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በብዛት አይሄድም። ይህን በወፍራም ብረት መመከት ይቻላል፣ ክብደቱ ግን አይቻልም። ፍሬድ ዊፕል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሰው በ1947 እ.ኤ.አ. መፍትሔውን አመጣ። አንድ ስስ ላሜራ ከፊት አድርግ፣ ክፍተት ተው፣ ከኋላ ዋናውን ግድግዳ አቁም። የመጣው ቅንጣት ስሱን ሲመታ ራሱ ይፈነዳል። ክፍተቱ ውስጥ ይበተናል። ዋናው ግድግዳ ላይ እንደ ጥይት ሳይሆን እንደ ብናኝ ይደርሳል።

ልጅቷ ሳቀች። «እንደገና ክፍተት» አለች። አዎ፣ እንደገና። እኔም ስለ ሳተላይት ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ይኸው ነው። ጠንካራ ስንል ጥግጥግ ያለ፣ ድፍን ያለ ነገር ይታየናል። እዚያ ላይ የሚኖረው ግን የት ጋ ላላ ማለት እንዳለበት የታሰበበት ነው።

ጨረሩን ባጭሩ ልለፈው፤ እሱ ከአጥንቱ ይልቅ የኤሌክትሮኒክሱ ጠላት ነው። በሐምሌ 1962 እ.ኤ.አ. ቴልስታር የሚባለው የመገናኛ ሳተላይት የተወነጨፈው አሜሪካ ጠፈር ላይ የኑክሌር ቦምብ ባፈነዳች ማግስት ነበር። ያ ጨረር በጥቂት ወራት ውስጥ ገደለው። አካሉን የሚሠሩት ሰዎች ድርሻ፣ ሳጥኑን ጥቂት ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም አድርጎ ጨረር የሚፈራውን ዕቃ መሃል መሃል ላይ መደበቅ ነው።

መጨረሻ ላይ የቀረው መመለሱ ነው። ዝቅ ያለ ምህዋር ላይ ያለ ሳተላይት አንድ ቀን ይወርዳል። በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ከተላኩ 49 የስታርሊንክ የኢንተርኔት ሳተላይቶች እስከ 40 የሚሆኑት በቀናት ውስጥ ወደቁ። የፀሐይ ማዕበል የላይኛውን አየር አሙቆ ወደ ላይ ስላሳበጠው ጎተታቸው። ሲወርዱ ሁሉም ነገር መቃጠል አለበት፤ ምድር ላይ ሰው አለ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ችግር የለበትም። ቲታኒየም ግን ከ1,600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ከቲታኒየም የተሠሩ የነዳጅ ታንኮች ሳይቃጠሉ ምድር ደርሰው ተገኝተዋል።

ስለዚህ አሁን አሁን መሐንዲሶቹ ታንኩን ከአሉሚኒየም ለመሥራት ይጥራሉ። የግድግዳዎቹንም መጋጠሚያ ሙቀት ሲነካው ቀድሞ እንዲለቅ አድርገው ይሠሩታል፤ ሳጥኑ ገና ከፍታ ላይ ሳለ ተከፍቶ እሳቱ ውስጡ ያለውን ሁሉ እንዲያገኘው።